የተናቀችው ሸክላ

እኔ መጥፎ ዘፈን እወዳለሁ። ይኸው ተናገርኩ። ከዚህ በኋላ ማንበብ የማትፈልጉ ካላችሁ ደህና ሰንብቱ፤ ስትወጡ ግን እያንጎራጎራችሁ እንዳልሰማ።

መጥፎ ስል ትንሽ ጎደል ያለ ማለቴ አይደለም። ጥርት ያለ፣ ቅልቅል የሌለበት መጥፎ ነው። ዘፈኑ ያለባት የሙዚቃ ሸክላ ሁለት ገጽ አላት። በአንደኛው ገጽ ዘፋኙ አንዲት ልጅን እንዲህ እያለ ይለምናል፦

ነይ በብስክሌት ነይ፣ ነይ በመኪና፣
ካልሆነም በእግርሽ ነይ፣ ልቤ አይችልምና።

በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ልጅቱ ከየት ነው የምትመጣው? አይታወቅም። ብስክሌቱን ማን ሰጣት? አይታወቅም። ሰውየው ብስክሌትም መኪናም ካለው ምነው ራሱ ተነሥቶ አይሄድም? ይህን ያህል ዘመን ሰምቼው መልሱን አላገኘሁትም። በሌላው ገጽ ደግሞ ስለ ጫማው ያለቅሳል፦

ጫማዬ ጠበበኝ፣ መንገዱ ረዘመ፣
ፍቅርሽ ብቻ ሆነ ከእግሬ ጋር ያመመ።

ከኋላው የሚነፋው ጥሩምባ ገመድ የተጠመጠመባት ፍየል ይመስላል። እኔ እዚያች ፍየል ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እንባዬ ይመጣል። የሳቅ ይሁን የሐዘን አትጠይቁኝ።

ሸክላዋ በወጣችበት ጊዜ አንድ የአዲስ አበባ ጋዜጠኛ «ይህን ከመስማት ወፍጮ ቤት መቀመጥ ይሻላል፤ እዚያ ቢያንስ ዱቄት ይገኛል» ብሎ ጻፈባት ይባላል። ከዚያ በኋላ ፋሽኗ አለፈ፣ ተረሳች። በጎንደር ደግሞ ፍርዱ የባሰ ነው። ጎንደር ውስጥ ድንጋይ ብትወረውሩ ባለቅኔ ትመታላችሁ፤ ባለቅኔውም ድንጋዩን ትቶ በግጥም ይመታችኋል። እንጨት የጫነ ሰው እንኳን አህያውን የሚሰድበው ቤት እያስመታ ነው። እንዲህ ባለ አገር «ነይ በብስክሌት» እወዳለሁ ብሎ መናገር በፋሲካ ማግስት ሽሮ አምሮኛል እንደማለት ነው። ስለዚህ በአደባባይ እንደ ሰው አፍንጫዬን እነፋለሁ፤ ቤት ስገባ ጓዳ ዘግቼ እሰማለሁ።

ሸክላዋ በእርግጥ የኔ አልነበረችም። የአያ ታደሰ ናት። አያ ታደሰ የእናቴ ወንድም ልጅ ነው፤ በጎንደርና በአስመራ መካከል የጭነት መኪና ይነዳል። አዘዞ ያለችው ሚስቱ «ወይ እኔ ወይ ጥሩምባው» ስትለው፣ ብዙ ካሰበ በኋላ፣ ሸክላዋንና በእጅ የሚዞረውን ግራሞፎን እኛ ቤት አምጥቶ አስቀመጠ። ሲያስቀምጥ እንዲህ አለኝ፦

«ስሚ እቴ። እስከ የሺ ሠርግ ድረስ ሳትሰብሪ ሳትጥዪ ከጠበቅሽልኝ ሸክላዋም መሣሪያውም ያንቺ ነው። ከጠፋች ግን መሣሪያውን ጭኜ አስመራ ወስጄ እሸጠዋለሁ።»

የሺ ታላቅ እህቴ ናት፤ ሠርጓ ለጥር ተቆርጦ ነበር። እኔ በዚህ ምድር ላይ የምፈልገው ነገር ምንድን ነው ቢባል፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ማለፍና ያ ግራሞፎን ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ቅደም ተከተላቸው እንደዚህ አልነበረም።

የመጀመሪያው አደጋ የመጣው ከእናቴ ነው። ድምፁ ውጭ እንዳይሰማ ግራሞፎኑ ላይ ጋቢ እጥልበት ነበር። ጋቢው ደግሞ ዘፈኑን አላፈነውም፤ ጥሩምባውን ዋጥ አድርጎ የሰውየውን ድምፅ ብቻ ዝግ ባለ ለስላሳ ሹክሹክታ ያወጣዋል። እናቴ ከገበያ ስትመለስ፣ ልጇ በዘጋችው ጓዳ ውስጥ አንድ ወንድ «ነይ… ነይ…» ሲል ትሰማለች። እንግዲህ ፍረዱ። በሩ ተበርግዶ ዘነዘና ቀድሞ ገባ፤ እናቴ ተከተለችው።

«ውጣ! ውጣ አንተ ባለጌ! ጋቢ ለብሰህ ደግሞ!»

ጋቢውን ገልጬ አሳየኋት።

«ወንድ አይደለም እማዬ፣ ዘፈን ነው።»

እናቴ ዘነዘናውን እንዳነሣች ትንሽ አደመጠች። ፍየሏ እስክትጮህ ድረስ ጠበቀች። ከዚያ ዘነዘናውን አወረደች።

«ምነው ወንድ በሆነ!» አለች። «ወንድ ቢሆን በሽማግሌ እንጨርሰው ነበር።»

ሁለተኛው አደጋ ግን የራሴ ሥራ ነው። ትምህርት ቤታችን ለወላጆች በዓል ትርኢት ያዘጋጃል፤ መጋረጃው በሚዘጋበት ጊዜ ሰው እንዳይሰለች ሙዚቃ ያስፈልጋል ተባለ። በትምህርት ቤቱ ያለው ሸክላ የሰልፍ ማርሽ ብቻ ነው፤ ወላጆቻችን ደግሞ ማርሽ ሲሰሙ ብድግ ብለው ይቆማሉ፤ አንዴ ከቆሙ የሚያስቀምጣቸው የለም። እኔ ታዲያ ብልጥ ነኝና «የጫማውን ገጽ ቃሉ እንዳይሰማ ቀስ አድርጌ አጫውታለሁ፤ ማን ያውቃል?» ብዬ ሸክላዬን ይዤ ሄድኩ።

መምህር ልሳነወርቅ አወቁ። የአማርኛ መምህራችን ናቸው። ወጣት ናቸው፣ ከረባት ያስራሉ፣ ከዘመናዊው ትምህርት በፊት ቅኔ ቤት ቆይተዋል፤ ግጥም ሲያነቡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ የኛን ድርሰት ሲያነቡ ግን አፍንጫቸውን ይይዛሉ። በልምምዱ መካከል ከደጅ ገቡና ቆሙ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ዘፈን ነው መምህር።»

«ዘፈን መሆኑን ማን ነገረሽ?»

«ላዩ ላይ ተጽፏል።»

ተማሪው ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ስለ ግጥም ምንነት ንግግር ጀመሩ። ግጥም ማለት እንደ ለውዝ ነው፣ ይሰበራል፣ ይፈለፈላል፣ ፍሬ ይገኝበታል አሉ። «ይህ ግን ሰባብራችሁ ብትፈትሹት፣ ውስጡ ብስክሌት ብቻ ነው የምታገኙት!»

«መኪናም አለ መምህር» አልኩ።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ሰዎች ዝም ሲሉ አይቻለሁ፤ ቀላል ይመስላል። እኔ ላይ ግን አልተፈጠረም። መምህር ልሳነወርቅ ሸክላዬን እንደ እባብ በሁለት ጣት አንሥተው «ለትውልዱ ጆሮ ስል ወርሻታለሁ» አሉና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቷት።

በማግስቱ ቢሯቸው ሄጄ ለመንኩ። «ወደሚገባት ቦታ ሄዳለች» አሉኝ። ሌላ ቀን ሄድኩ። «ስለሞተ ነገር አንነጋገር» አሉኝ። የሚገባት ቦታ የቆሻሻ ጉድጓዱ መሆን አለበት ብዬ፣ ከትምህርት በኋላ እንጨት ይዤ ጉድጓዱን መጫር ያዝኩ። የግቢው ዘበኛ መጥተው ከላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩ።

«ምነው ልጄ፣ እስከዚህ ተምረሽ ቆሻሻ መጫር? እኔ ሳልማር ነው እኮ እዚህ የደረስኩት።»

ከጉድጓዱ ያገኘሁት የተሰበረ የቀለም ጠርሙስና የራሴ ድርሰት ነው።

ሠርጉ ተቃረበ። ጨነቀኝ። ፒያሳ ጣልያን ጥሎት የሄደ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ነበረ፤ እዚያ በመጠኗም በጥቁረቷም የኔን የምትመስል ሸክላ አገኘሁና ገዛሁ። ሐሳቤ በሸክላዬ ባዶ ሽፋን ውስጥ ጨምሬ አያ ታደሰን ማታለል ነው። ቤት ወስጄ ስሞክራት አንዲት የጣልያን ሴት ጣራ የሚነቅል ጩኸት ለቀቀች። እናቴ እየሮጠች መጣች።

«ይቺን ደግሞ ምን አደረጓት?»

«ትዘፍናለች እማዬ።»

«አትዘፍንም፣ ምጥ ላይ ናት። ዝጊው፣ ታደሰ የሚስቱን ጩኸት ሸሽቶ መጥቶ ይህን ሊሰማ ነው?»

እውነቷን ነው። ማታለሉም ቀረ። በዚህ ላይ ሌላ ወሬ ደረሰ፤ ሙሽራው የትምህርት ቤታችን የሒሳብ መምህር ናቸው፤ አንደኛ ሚዜያቸው ማን ይሆናል ብትሉ መምህር ልሳነወርቅ! ሸክላዬን የወረሱት ሰው አሁን ደግሞ እህቴን ሊወስዱ ይመጣሉ።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት አያ ታደሰ መኪናውን በአበባ አስጊጦ፣ ጥሩምባውን እየነፋ፣ ግማሹን ሰፈር ቀስቅሶ ደረሰ። ከመውረዱ በፊት በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ሸክላዬስ?»

«አለች አያ።»

«የት አለች?»

«በደህና እጅ።»

«ሸጋ! ሙሽራው እንደገባ ዳሱ ውስጥ እንሰማታለን። መሣሪያውን አጽድተሽ አውጪ።»

መሣሪያውን አጸዳሁ። ሬሳ የማጥብ መስሎኝ ነበር።

አሁን የኛን ሰፈር የሠርግ ደንብ ልንገራችሁ። ሙሽራው ሲመጣ የሙሽሪት ወገን ሴቶች በሩን ዘግተን በግጥም እንገጥመዋለን። ሚዜዎቹ ከውጭ ይጠይቃሉ፣ እኛ ከውስጥ እንመልሳለን። አንዴ የተባለ ግጥም አይደገምም። መልስ ያጣ ወገን ተሸነፈ። ሚዜዎቹ ከተሸነፉ ሴቶቹ የጠየቁትን ሰጥተው ይገባሉ። ሴቶቹ ከተሸነፉ ግን በሩ እንዲያው ይከፈታል፤ «እንዲያው የተከፈተ በር» የሚለው ስድብ ደግሞ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። እናቴ ይህን ስድብ የምትፈራውን ያህል ተስቦ አትፈራም።

የኛ መሪ ጎረቤታችን እትዬ አበባ ነበሩ። ከውጭ መምህር ልሳነወርቅ ጀመሩ፦

ሊማሊሞን ያለፈ፣ ገደል ያልመለሰው፣
በሳንቃ በር ፊት ቆሞ ያለቅሳል ወይ ሰው?

ወንዶቹ አጨበጨቡ። እትዬ አበባ ምላሳቸውን አርጥበው መለሱ፦

ገደል ምን አስተውሎ፣ ሁሉን ያሳልፋል፣
የእናቷ በር ግን ሰነፉን ይገፋል።

እልል አልን። እንዲህ ሲመላለሱ ቆዩ። መምህሩ ግን ምንጫቸው የማይነጥፍ ሰው ናቸው፤ አንዱን ሳንመልስ ሌላውን ያወርዱታል። እትዬ አበባ ድምፃቸው እየሻከረ፣ እየሻከረ ሄዶ በመጨረሻ አፋቸው እየተንቀሳቀሰ ድምፅ ጠፋ። ሌሎቹ ልጃገረዶች የሚያውቁትን ጨረሱ። ከውጭ ሌላ ግጥም መጣ። ከውስጥ ዝም።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለች የሺ ከጓዳ። ሙሽራ ዝም ማለት ነበረባት፤ ግን የኔ እህት ናት።

እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«አንቺ! ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ ለምንድን ነው? አንድ ግጥም አውጪ!»

ከውጭ ወንዶቹ «በሩ ይከፈት! በሩ ይከፈት!» ማለት ጀመሩ። አፌን ከፈትኩ። የተማርኩት ሁሉ፣ በቃሌ የያዝኩት ሁሉ ጥሎኝ ሄዶ፣ ሆዴ ውስጥ የቀረችው አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፦

ነይ በብስክሌት ነይ፣ ነይ በመኪና…

ሙሽሪትን ላለመስጠት በተዘጋ በር ላይ ቆሜ ሙሽሪትን «ነይ ውጪ» እያልኩ ለወንዶቹ አሳልፌ ሰጠኋት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። እኔም መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ እየጠበቅሁ ሁለተኛውን ስንኝ ጨረስኩ። እዚህ ላይ ነው ታምሩ። ከአጠገቤ ያሉት ልጃገረዶች በአንድ አፍ ተቀበሉኝ! አንዷም ቃል አልሳተች። አንድ ቀን ዘፈኑን ስሰማ አግኝታኝ አንድ ሳምንት የሳቀችብኝ የጎረቤት ልጅ ጥሩምባውን ሳይቀር በአፍንጫዋ ነፋች። እትዬ አበባ በሌለ ድምፃቸው ያጨበጭባሉ። ለካ ሰፈሩ ሁሉ ጓዳ ነበረው።

ውጭ ያሉት ወንዶች መጀመሪያ «በሩ ይከፈት» ማለቱን ተዉ። ከዚያ እግር ሲመታ ተሰማ። ከዚያ ትከሻ ሲሰበቅ በሳንቃው ስንጥቅ አየሁ። በመጨረሻም አንድ ድምፅ ከሁሉ በላይ ወጣ። ግጥም ሲያነቡ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መምህር ልሳነወርቅ ይዘፍናሉ፦

«ካልሆነም በእግርሽ ነይ፣ ልቤ… ልቤ… ልቤ… ነይ በብስክሌት ነይ!»

ጆሮዬን ሳንቃው ላይ ለጠፍኩ።

የኔ ሸክላ አንድ ጠባሳ አለባት። ዓምና ጓዳ ውስጥ ስትሽከረከር አንዲት ቄብ ዶሮ ዘላ ወጣችባት። ዶሮዋ እዚያ ላይ አንድ ዙር ከዞረች በኋላ ደንግጣ ወረደች፤ የጥፍሯ ጭረት ግን ቀረ። ከዚያ ወዲህ መርፌው «ልቤ» ላይ ሲደርስ እየተደናቀፈ «ልቤ… ልቤ… ልቤ…» ይልና ዘሎ ወደ ብስክሌቱ ይመለሳል። በዓለም ላይ እንደዚያ የምትዘፍን ሸክላ አንዲት ብቻ ናት።

«ዝም በሉ!» ብዬ ጮህኩ። በሩን አንድ ጣት ያህል ከፈትኩ።

«መምህር፣ ይህን ‹ልቤ ልቤ ልቤ› የሚለውን ከየት ተማሩት?»

ዓይናቸውን ገለጡ። ላብ ግንባራቸው ላይ ተሰለፈ።

«ከ… ከሬዲዮ።»

«ሬዲዮ ላይ ዶሮ የለም።»

«ምን?»

«መምህር፣ ያ የዶሮ ጥፍር ነው። የኔ ዶሮ ጥፍር በኔ ሸክላ ላይ! ወደሚገባት ቦታ ሄዳለች ያሉኝ እርስዎ ቤት ነው እንዴ?»

ሙሽራው ወደ ሚዜያቸው ዞሩ። የሒሳብ ሰው ናቸውና ሁለትና ሁለትን ደምረው ለመጨረስ አልዘገዩም።

«ልሳነ፣ ለጥገና ወሰድኩት ያልከው የትምህርት ቤቱ ግራሞፎን…»

«ጥገና ላይ ነው!» አሉ መምህር ልሳነወርቅ። «ማለት፣ ደህና መሆኑን እየፈተንኩት ነው።»

ሳቁ የተነሣው መጀመሪያ ከመኪናው ላይ ነው። አያ ታደሰ ጣራው ላይ ወጥቶ ሁሉንም ሲያይ ኖሯል። ሆዱን ይዞ ይንከባለላል።

«በደህና እጅ ነው ያልሽኝ ይህን ነው?» አለኝ ከላይ።

«ይኸው አያ፣ እጁን ታየዋለህ» አልኩት። ከዚያ ወደ ሚዜዎቹ ዞርኩ። «ግጥሙን እኛ አወጣን፣ እናንተ መልሳችሁ የኛኑ ደገማችሁ። በደንቡ ተሸንፋችኋል። ሽቶ አንፈልግም፣ ከረሜላ አንፈልግም። ሸክላዬ ካልመጣች ይህ በር አይከፈትም።»

«ነገ ትምህርት ቤት አመጣልሻለሁ» አሉ መምህሩ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሙሽሪትንም ነገ ትምህርት ቤት ትወስዷታላችሁ።»

ሙሽራው ፀሐይ ላይ ቆመው የሱፍ ልብሳቸው እየቀለጠ ነው።

«ልሳነ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ አምጣላት! ላገባ ነው የመጣሁት!»

መምህር ልሳነወርቅ ሮጡ። ከረባታቸው በትከሻቸው ላይ እየተውለበለበ፣ አዲሱን ጫማቸውን እየረገሙ፣ ፒያሳ አጠገብ ወዳለው የኪራይ ቤታቸው። ሰፈሩ በር በሩ ላይ ወጥቶ ሚዜው ከሠርጉ ኮበለለ ይላል። እናቴ በዚህ መሐል ክንዴን ጨብጣ «በሩን እንዳትከፍቺ፣ ዓይኗን ሳታዪ እንዳትከፍቺ!» ትለኛለች። ዘነዘና ያነሣችባትን ሸክላ ዛሬ እንደ ጽላት ጠበቀቻት።

ሲመለሱ ሸክላዬን በሁለት እጃቸው አቅፈዋት ነበር። በነጭ የሐር ጨርቅ ጠቅልለዋታል። ገልጬ አየሁ። አንዲት አቧራ የላትም፤ እንዲያውም ታበራለች። እኔ ዘንድ ሳለች እንዲህ ተከብራ አታውቅም። ዳርዋን በጣቴ ዳሰስኩ፤ ጠባሳዋ አለች። በሩን ከፈትኩ፣ ሙሽራው ገቡ፣ እልልታው ሰማይ ቀደደ፣ እናቴ ለተገኘው ሰው ሁሉ «እንዲያው አልተከፈተም! አይታችኋል፣ እንዲያው አልተከፈተም!» ትላለች።

ዳሱ ውስጥ አያ ታደሰ ግራሞፎኑን ጠረጴዛ ላይ አወጣና እጀታውን በእጄ ላይ አኖረው።

«ያንቺ ነው። ጠብቀሽ አይደለም፣ ተዋግተሽ ነው ያስመለስሻት። ይህ ደግሞ ይበልጣል።»

ያለ ጋቢ አጫወትኩት። ጥሩምባው ሲነሣ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ብርሌያቸውን ይዘው ተያዩ። የተቀጠረው አዝማሪ ማሲንቆውን አንሥቶ ትንሽ አደመጠና «ይህንማ ለመጫወት መማርም አያስፈልግ» ብሎ ተከተለው። ከዚያ የሺ ተነሣች፤ ሙሽራው ተነሡ፤ የሙሽራው አባት፣ መቋሚያ ያልተለያቸው ደብተራ፣ በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ «ልቤ… ልቤ…» ላይ ሲደርሱ ከመርፌው ጋር አብረው ይደናቀፋሉ። ጓዳ ለጓዳ ተደብቆ የኖረ ሰው ሁሉ ወደ ዳሱ መሐል ወጣ።

መምህር ልሳነወርቅ ጥግ ላይ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሻሉ። መሣሪያውን አቁሜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ጠየቅኋቸው።

«መምህር፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይፍረዱ። ዘፈኑ እንዴት ነው?»

ተነሡ። ከረባታቸውን አስተካከሉ። ቅኔ ቤት ያሳደገው ሰው በሠርግም ቢሆን አይዋሽም።

«መጥፎ ነው» አሉ። «ግጥሙ መጥፎ ነው፣ ዜማው መጥፎ ነው፣ ጥሩምባው ወንጀል ነው። በተናገርኩት ሁሉ እጸናለሁ።»

እሳቸው በካልሲያቸው ወደ ጠረጴዛው ቀረብ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ግን ሁሉም ሰማ።

«የጫማውን ገጽ ገልብጪልኝ።»

ገለበጥኩላቸው።